የቁጠባና ብድር ማህበር መክፈል ሲያቅተው፦ ቆጣቢ የሚያንኳኳቸው በሮች ግምገማ

ቁጠባውን ሊወስድ የሄደ አባል «ሰኞ ተመለስ» ከተባለ፣ ሰኞ ሲሄድ ደግሞ «ገቢ ሲኖር እንደውልልሃለን» ከተባለ ማህበሩ ጥሬ ገንዘብ አጥሮታል። ሌላ ትርጉም የለውም። ከዚያ ወዲያ የሚኬድባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ ቁጥጥር ኮሚቴ፣ ጠቅላላ ጉባኤ፣ ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት፣ ሽማግሌ፣ ፍርድ ቤት፣ ፖሊስ። እዚህ የምንመዝነው እነዚህን ነው፣ ማንኛውም አገልግሎት እንደሚመዘነው፦ ምን ተይዞ ይኬዳል፣ ምን ያህል ያቆያል፣ በመጨረሻ ምን እጅ ላይ ይገባል። ቆጣቢዎች ራሳቸው የሚያቋቁሙት ኮሚቴም ከግምገማው አያመልጥም፤ እንዲያውም ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚያ ነው።

ገንዘቡ የት ሄደ?

ብዙውን ጊዜ ቁጣው የሚነሳው ገንዘቡ ካዝና ውስጥ ነበረ፣ ሥራ አስኪያጁ ወሰደው ከሚል ግምት ነው። አንዳንዴ እውነት ይሆናል። በአብዛኛው ግን ገንዘቡ ያለው በተበዳሪዎች እጅ ነው፤ ተበዳሪዎቹ ደግሞ የዚያው ማህበር አባላት ናቸው፤ ምናልባትም በር ላይ አብረዋችሁ የሚጮኹት።

ሂሳቡን እንየው። 1,000 አባላት እያንዳንዳቸው 20,000 ብር ቢቆጥቡ 20 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ማህበሩ «የቁጠባችሁን 4 እጥፍ አበድራለሁ» ካለ አንድ ተበዳሪ 80,000 ብር ይወስዳል። ፐርልስ በሚባለውና በዓለም ዙሪያ ያሉ የቁጠባና ብድር ማህበራት በሚመዘኑበት መለኪያ መሠረት አባላት ሊያወጡት ከሚችሉት ቁጠባ ቢያንስ 15 በመቶው በቅርብ መገኘት አለበት። 3 ሚሊዮኑ ሲቀመጥ የቀረው 17 ሚሊዮን የሚዳረሰው ለ212 ሰው ነው። 788ቱ ወረፋ ይጠብቃሉ። ወረፋውን ለማሳጠር አዲስ አባል ይመዘገባል፤ የአዲሱ አባል ቁጠባ ለነባሩ ብድር ይሆናል፤ አዲሱም በተራው ብድር ይጠብቃል። ምዝገባው የቀዘቀዘ ወር ወይም ተበዳሪው መክፈል የተወ ወር ማህበሩ ይቆማል፣ ማንም ሳይሰርቅ።

ስለዚህ ቆጣቢ ሲደራጅ ዓይኑን መጣል ያለበት ሥራ አስኪያጁ ቤት በር ላይ ሳይሆን የተበዳሪዎች ዝርዝር ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ምዘና ሁሉ የሠራነው በዚህ መስፈርት ነው፤ ያ በር ብድሩን ለማስመለስ ምን ያህል ያቀርባል?

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 482/2013 የተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ በአንድ ተቋም ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር የሚሸፍነው የባንኮችንና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማትን አስቀማጮች ነው። የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማህበር እዚህ ውስጥ የለም። የብሔራዊ ባንክ ተቆጣጣሪም አይመጣም፤ ማህበራቱ የሚመዘገቡትም ሆነ የሚመረመሩት በኅብረት ሥራ አካላት ነው። «መንግሥት ይከፍለናል» እያለ የሚጽፍ ሰው ቡድናችሁ ውስጥ ካለ በትህትና አስቆሙት፤ ሰው ያዘናጋል።

የቆጣቢዎች ኮሚቴ

ይህ በር ነጻ ነው፣ ወዲያው ይከፈታል፣ በትክክል ከተሠራበትም ከሁሉም የላቀ ነው። ካልተሠራበት ደግሞ ሁለተኛ ማህበር ሆኖ ሁለተኛ ኪሳራ ያመጣል።

የመጀመሪያ ሥራው ፊርማ ማሰባሰብ አይደለም፤ መዝገብ መሥራት ነው። ለእያንዳንዱ ቆጣቢ አንድ መስመር ይኑር፦ በደብተሩ ላይ ያለው ሙሉ ስም፣ የአባልነት ቁጥር፣ መደበኛ ቁጠባ፣ የፍላጎት ቁጠባ፣ የጊዜ ገደብ ቁጠባ ካለ የሚያበቃበት ቀን፣ የዕጣ (የማህበሩ አክሲዮን) መጠን፣ ያልተከፈለ የራስ ብድር፣ ለሌላ ሰው የገባው ዋስትና፣ መጨረሻ ገቢ ያደረገበት ቀንና የደረሰኝ ቁጥር። ብድርና ዋስትና የሚሉትን ዓምዶች ሰዎች መሙላት አይወዱም። ያለ እነሱ ግን መዝገቡ ዋጋ የለውም። 30,000 ቆጥቦ 90,000 የተበደረ ሰው ቆጣቢ ሳይሆን የ60,000 ብር ባለዕዳ ነው፤ ስብሰባ ላይ የሚናገረውም ከዚያ ጥቅም አንጻር ነው።

ከመዝገቡ ጋር የቁጠባ ደብተሩ ገጽ በሙሉ ፎቶ ይነሳ። ዋናው ደብተር ለማንም አይሰጥ፤ ለኮሚቴም፣ ለጠበቃም፣ «ለማመሳከር እንፈልገዋለን» ለሚል የማህበሩ ሠራተኛም ጭምር። ማመሳከር የሚፈልግ እፊታችሁ ያመሳክር።

ጉድለት ከተፈጸመ በብዛት የሚገኘው ደብተሩ፣ ደረሰኙና የአባሉ የግል ሂሳብ ካርድ በሚለያዩበት ቦታ ነው። ገንዘብ ተቀባዩ 5,000 ብር ተቀብሎ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ይፈርማል፤ ካርዱ ላይ ግን አይመዘግብም። አባሉ ደብተሩን እያየ ይረካል፤ የማህበሩ ሚዛንም ይዘጋል፣ ምክንያቱም ገንዘቡ ጨርሶ ገብቶ አያውቅም። ይህን የሚያጋልጠው የደረሰኝ ተራ ቁጥር ነው። የገቢ ደረሰኝ በጥራዝ ይታተማል፣ ጥራዙም ከነቁጥሩ ተመዝግቦ ለገንዘብ ተቀባይ በፊርማ ይሰጣል። የሃምሳ ቆጣቢዎችን ደረሰኝ በቁጥር ቅደም ተከተል ደርድሩት። ማህበሩ በእጁ ያለው ጥራዝ 4500 ላይ አብቅቶ የእናንተ ሰዎች 4512 እና 4530 የሚል ከያዙ ያልተመዘገበ ጥራዝ አለ ማለት ነው። ቁጥሩ እየጨመረ ቀኑ ወደኋላ የሚሄድ ከሆነም (ለምሳሌ 4310 በጥር፣ 4322 በታኅሣሥ) ሁለት ጥራዝ በአንድ ጊዜ ይሠራበት ነበር ማለት ሊሆን ይችላል። ለአንድ ከሰዓት ሥራ ይህን ያህል ማስረጃ የሚሰጥ ሌላ ነገር የለም።

በባንክ ወይም በቴሌብር ገቢ ያደረጋችሁ ደግሞ የተቀባዩን ስም አጣሩ። የማህበሩ ስም ሳይሆን የግለሰብ ስም ከሆነ ያ ክፍያ ለብቻው ይዘርዘር፤ ኋላ ወንጀል ምርመራ ላይ ለብቻው ይፈለጋል።

የኮሚቴው ቁጥር 5 ወይም 7 ይሁን። ቢያንስ አንድ ሂሳብ የሚያውቅ፣ አንድ ደብዳቤ መጻፍ የሚችል፣ አንድ ቢሮ ለቢሮ መመላለስ የማይሰለቸው። ሁሉም ቁጠባቸው ከብድራቸው የሚበልጥ፣ ያልተመለሰ ብድር ላይ ዋስ ያልሆኑና የሥራ አመራሩ ዘመድ ያልሆኑ ይሁኑ። ሲመረጡም «ሁሉም እስኪከፈል ለብቻዬ ክፍያ አልቀበልም» ብለው በጽሑፍ ይፈርሙ። ይህ የይስሙላ አይደለም፤ የማህበር አመራር ቆጣቢን የሚበትንበት በጣም ርካሹ መንገድ የኮሚቴውን ሰብሳቢና ጸሐፊ ጠርቶ ቁጠባቸውን ሙሉ በሙሉ መክፈል ነው። ለሁለት ሰው ከፍሎ የሁለት መቶ ሰው አፍ ይዘጋል።

ለፎቶ ኮፒ፣ ለመጓጓዣ፣ ለዳኝነት ክፍያ መዋጮ ያስፈልጋል። ኮሚቴው ሕጋዊ ሰውነት ስለሌለው በራሱ ስም ሂሳብ መክፈት ያስቸግረዋል፤ ሦስት ሰዎች በጋራ ፊርማ የሚያንቀሳቅሱት የጋራ ሂሳብ ይክፈቱ፣ በየወሩ መጨረሻም ስቴትመንቱ ለሁሉም ይታይ። «ከሚመለሰው 20 በመቶ ስጡኝና አስመልስላችኋለሁ» የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ብቅ ይላል። አትቀበሉት።

ቴሌግራም ላይ ሁለት ነገር ለዩ፤ ኮሚቴው ብቻ የሚጽፍበት ቻናልና ሁሉም የሚወያይበት ቡድን። አንድ ላይ ሲሆኑ የስብሰባው ቀን በስድብ መሐል ይጠፋል። የሰው የቁጠባ መጠን እዚያ አይለጠፍ። ስም ጠርቶ «ሌባ» ማለትም በስም ማጥፋት ያስከስሳል፤ ከዚያ በኋላ እናንተ መልስ ሰጪ ትሆናላችሁ።

ቁጥጥር ኮሚቴ

በወረቀት ላይ ጠንካራ ነው። በጠቅላላ ጉባኤ ይመረጣል፣ ለጉባኤው ይጠየቃል፣ ማንኛውንም ሰነድ የማየት መብት አለው። በተግባር አባላቱ ያለ ክፍያ የሚሠሩ፣ ራሳቸው ብድር ያለባቸውና ሪፖርቱን ከሥራ አመራሩ ተቀብለው የሚፈርሙ ሆነው ይገኛሉ። ነጥቡ ከአምስት ሁለት ይበቃዋል። ቢሆንም አትዝለሉት። ያለፉት አራት ሩብ ዓመታት ሪፖርት እንዲሰጣችሁ በደብዳቤ ጠይቁና ግልባጩ ላይ የገቢ ቁጥርና ማህተም አስደርጉ። መልስ ባይሰጡም «በውስጥ አቤቱታ አቅርበን ነበር» የሚለው ወረቀት ቀጣዮቹን በሮች ሁሉ ይከፍታል።

አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ

ከማህበሩ ውስጥ እውነተኛ ሥልጣን ያለው ይህ ብቻ ነው። አመራር ይሽራል፣ ብድር ያቆማል፣ የባንክ ፈራሚ ይቀይራል። ድምፅም በዕጣ ብዛት ሳይሆን በሰው ነው፤ አንድ አባል፣ አንድ ድምፅ። የቀድሞው አዋጅ 147/1991 ከአባላት አንድ ሦስተኛው ሲጠይቁ ጉባኤው የ15 ቀን ማስታወቂያ ተሰጥቶ እንዲጠራ፣ ሥራ አመራሩ እምቢ ካለም አግባብ ያለው ባለሥልጣን እንዲጠራው ይደነግግ ነበር፤ ብዙ የመተዳደሪያ ደንቦችም የተቀረጹት በዚያ ልክ ነው። አሁን የሚሠራው አዋጅ 985/2009 ነው፤ የፊርማውን ብዛትና የማስታወቂያውን ቀን ከእሱና ከራሳችሁ ደንብ ጋር አስተያይታችሁ ከሚጠይቀው በ10 በመቶ አስበልጣችሁ አሰባስቡ። አመራሩ «ይህ አባል አይደለም፣ ይህ መዋጮ አቋርጧል» እያለ ፊርማ መሰረዙ አይቀርም።

አጀንዳው አጭርና በቁጥር የተቀመጠ ይሁን። አዲስ ብድር ይቁም። ቁጠባ ማውጣት ለሁሉም እኩል ይታገድ፣ የአመራሩ ዘመዶችም ጭምር። የብድር ዝርዝሩ ከነዕድሜው ይቅረብ። የብድር አስመላሽ ኮሚቴ ይመረጥ። የባንክ ፈራሚዎች ይቀየሩ። ስለ አመራሩ ሥነ ምግባር የሚደረገውን ክርክር መጨረሻ ላይ አድርጉት፤ መጀመሪያ ከገባ ቀኑን ይበላዋል፣ ሰውም ለምሳ ወጥቶ አይመለስም፣ ምልዓተ ጉባኤ ይጎድላል።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፣ ግን ሁልጊዜ አንድ ናቸው። ድምፅ በጭብጨባ ይሰጥና ቃለ ጉባኤው ላይ ቁጥር አይጻፍም፤ ባንክ ያን ቃለ ጉባኤ አይቀበልም። የደጋፊ፣ የተቃዋሚና የድምፀ ተአቅቦ ቁጥር ይጻፍ፣ የተገኙ አባላት ስምና ፊርማ በየገጹ ይያያዝ። ባንኮች ፈራሚ ለመቀየር ከቃለ ጉባኤው በተጨማሪ ማህበሩን ከመዘገበው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ስለሚጠይቁ የጽሕፈት ቤቱ ተወካይ በታዛቢነት እንዲገኝ ቀድማችሁ በደብዳቤ ጋብዙ። ተወካዩ ያልተገኘበት ስብሰባ ውሳኔ ወራት ተንጠልጥሎ ሊቆይ ይችላል፣ በነዚያ ወራት ቼክ የሚፈርመው የድሮው ሰው ነው። ከአምስት አራት።

ውጭ አገር ያሉ ቆጣቢዎች በኤምባሲ የተረጋገጠ ውክልና ልከው፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ሰነዶች ማረጋገጫ አሳልፈው ገንዘባቸውን ማስቀበል ይችላሉ። ውክልናው ለድምፅም እንዲያገለግል ግን ደንቡ መፍቀድ አለበት፤ ሳታዩ ለውክልና ገንዘብ አታውጡ።

ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት

የሚኬደው ምዝገባ የምስክር ወረቀቱን ወደ ሰጠው አካል ነው፤ ወረዳ፣ ክፍለ ከተማ ወይም ክልል ሊሆን ይችላል። በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ ኅብረት ሥራ ኮሚሽን የሄደ አቤቱታ አብዛኛውን ጊዜ «ወደ መዘገባችሁ» ተብሎ ይመለሳል። የሚሰጠው አገልግሎት ሁለት ነው፣ ሰዎችም ያቀላቅሉታል። ኦዲት የሂሳቡ ቁጥር ከሰነዱ ጋር ይስማማል ወይ ይላል። ኢንስፔክሽን ደግሞ ሥራው ደንቡንና መመሪያውን ተከትሏል ወይ ብሎ ይመረምራል፤ ብድሩ በማን ተፈቀደ፣ ከጣሪያው በላይ የወሰደ አለ ወይ፣ ዋስ ተይዟል ወይ። መክፈል ላቃተው ማህበር በቶሎ የሚጠቅመው ኢንስፔክሽኑ ነው። ኦዲት ለዓመታት ውዝፍ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ስለሆነ «ኦዲት ይደረግልን» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ከአምስት ዓመት በፊት ካለው ሂሳብ ይጀመርላችኋል።

ማመልከቻው ላይ ሦስት ነገር በስም ይጠየቅ፦ ብድሮች በመዘግየት ዕድሜያቸው ተከፋፍለው (እስከ 12 ወርና ከ12 ወር በላይ)፣ የአመራርና የሠራተኛ ብድር ለብቻው፣ «ተሰብሳቢ ሂሳብ» የሚለው መደብ (ማህበሩ ከሌሎች ገና ሊሰበስበው የሚገባ ተብሎ የተያዘው ገንዘብ) ከነስም ዝርዝሩ። ሦስተኛው ላይ አጥብቁ። ማህበር ውስጥ ማስረጃ ያልተገኘለት ገንዘብ ሁሉ የሚደበቀው ተሰብሳቢ ውስጥ ነው።

አገልግሎቱ አያስከፍልም፣ ሰነድ የማስቀረብ ሥልጣንም አለው። ድክመቱ የባለሙያ እጥረትና ግኝቱን ተከታትሎ አለማስፈጸም ነው። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰው ሄዶ «የት ደረሰ» የሚል ካልጠየቀ ፋይሉ ይተኛል። ከአምስት ሦስት ተኩል እንሰጠዋለን፤ ተኩሉ ለሚደክሙት ባለሙያዎች ነው።

ሪፖርቱ ሲመጣ እንዴት ይነበባል

እንበል ሪፖርቱ ይህን አሳየ። ዕዳና ካፒታል፦ ቁጠባ 20 ሚሊዮን፣ ዕጣ 2 ሚሊዮን፣ መጠባበቂያ 500 ሺህ፤ ድምር 22.5 ሚሊዮን። ሀብት፦ ባንክ 1.2 ሚሊዮን፣ ብድር 18 ሚሊዮን፣ መኪናና ቋሚ ንብረት 2.1 ሚሊዮን፣ ተሰብሳቢ 1.2 ሚሊዮን። ሚዛኑ ተዘግቷል፤ አመራሩም «ኪሳራ የለም፣ የገንዘብ እጥረት ብቻ ነው» ይላችኋል።

አሁን ብድሩን ክፈቱት። 9 ሚሊዮኑ በወቅቱ እየተከፈለ ነው፣ 4 ሚሊዮኑ ከ1 እስከ 12 ወር ዘግይቷል፣ 5 ሚሊዮኑ ከዓመት አልፏል። በፐርልስ ከዓመት ላለፈው ሙሉ በሙሉ፣ ለዘገየው ደግሞ 35 በመቶ የኪሳራ መጠባበቂያ ይያዛል። 5 ሚሊዮንና 1.4 ሚሊዮን፣ 6.4 ሚሊዮን። ስም የሌለው ተሰብሳቢ ዜሮ ነው፤ 1.2 ሚሊዮን ይጨመር። ጉድለቱ 7.6 ሚሊዮን ሆነ። ከ22.5 ሲቀነስ እውነተኛው ሀብት 14.9 ሚሊዮን ነው። መጠባበቂያውና ዕጣው 2.5 ሚሊዮኑን ይችላሉ፤ 5.1 ሚሊዮኑ ቁጠባ ላይ ያርፋል። 100 ብር የቆጠበ ሰው 74 ብር ከ50 አለው ማለት ነው፤ ዕጣው ግን ሄዷል።

እያንዳንዳቸው 20,000 ብር ያላቸው 60 ሰዎች ቀድመው ቢደርሱ ባንክ ያለው 1.2 ሚሊዮን ያልቃል፤ እነሱ 100 በመቶ ሲያገኙ የሌላው ድርሻ ወደ 73 ብር ገደማ ይወርዳል፣ ለጊዜው የሚከፈል ሳንቲምም አይኖርም። እኩል እገዳ የምንለው ለዚህ ነው።

ማቻቻል፦ ኮሚቴዎች የሚከፋፈሉበት ጥያቄ

ወሬው ሲሰማ ተበዳሪዎች መጥተው «ቁጠባዬን ከብድሬ ላይ ቀንሱልኝ» ይላሉ። ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን ከላይ ባለው ምሳሌ 20,000 ቆጥቦ 80,000 የተበደረ ሰው 20,000ው ሲቻቻልለት ቁጠባውን መቶ በመቶ አገኘ፤ ተበድሮ የማያውቀው ጎረቤቱ 74.50 ያገኛል። 200 ተበዳሪዎች እንዲህ ቢስተናገዱ 4 ሚሊዮን ብር የብድር ሀብት ከመዝገብ ይወጣል፣ ጥሬ ገንዘብ ግን አይገባም።

በሌላ በኩል ቁጠባው ለብድሩ መያዣ ነው የሚል አንቀጽ ብድር ውሉ ላይ ካለ ማህበሩ ከማቻቻል የሚያመልጥበት መንገድ ጠባብ ነው። የኛ ምክር፦ ወርኃዊ ክፍያውን በወቅቱ ለሚከፍል ተበዳሪ ቁጠባው ከመጨረሻዎቹ ወሮች ክፍያ ላይ እንዲቻቻልለት ጉባኤው ይወስን፣ ለዘገየው ግን ቅጣትና ወለድ መጀመሪያ ይከፈል። በዚህ መንገድ በየወሩ የሚገባው ጥሬ ገንዘብ አይቆምም፣ ተበዳሪውም የሚከፍልበት ምክንያት ያገኛል።

ብድር አስመላሹ ኮሚቴ ውሎችን ሲያገላብጥ መጀመሪያ የሚያየው ዋስትናውን ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት ዋሱ የተዋሰበት መጠን ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። ብዙ ማህበር የሚጠቀምበት ቅጽ ላይ «ለብድሩ ሙሉ ኃላፊነት ወስጃለሁ» ይልና የብሩ ቦታ ክፍት ይሆናል። እነዚህን ለዩአቸው፤ በእነሱ ላይ ዋስ መክሰስ ገንዘብ ማባከን ነው። መጠን የተጻፈባቸው፣ በሁለት ምስክር ፊት የተፈረሙና ዋሱ «በአንድነትና በነጠላ» ኃላፊ የሆነባቸው (ማለትም ተበዳሪው ሳይጠየቅ ዋሱ በቀጥታ ሊጠየቅ የሚችልባቸው) በቅድሚያ ይከሰሱ። ዋሱ ደመወዝተኛ ከሆነ ክስ ከመመሥረታችሁ በፊት ለመሥሪያ ቤቱ የሰው ኃይል አስተዳደር ከተላከው የዋስትና ደብዳቤ ጋር የተያያዘ ማስጠንቀቂያ ላኩ። ከክስ በፊት ብዙ ብድር የሚመለሰው በዚህች ደብዳቤ ነው፤ ዋሱ ራሱ ተበዳሪውን ይዞት ይመጣል።

ከሰሜን አየርላንድ አንድ ነገር

የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ምእመናን የሚቆጥቡበት የጋራ ማህበር እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. የደረሰበት ለዚህ ጉዳይ ይጠቅማል። የብሪታንያ መንግሥት በፋይናንስ ቀውሱ ወቅት ለባንክ አስቀማጮች ዋስትና ሲሰጥ ይህ ማህበር ከዋስትናው ውጪ መሆኑ ታወቀ፤ ሰው ገንዘቡን ሊያወጣ ተሻማ፣ ገንዘቡ ግን በንብረትና በብድር ታስሮ ነበር። በኅዳር ወር በአስተዳዳሪ እጅ ገባ። ወደ 10,000 የሚጠጉ ቆጣቢዎች ነበሩት።

የተገኘው ወጥመድ እኛም ጋ አለ። እስከ 20,000 ፓውንድ ያስቀመጠ ሰው በሕግ ባለአክሲዮን ነበር፤ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ለማህበሩ እንደተሰጠ ብድር ይቆጠራል። ስለዚህ በክፍያ ቅደም ተከተል ባለብዙ ገንዘቡ ይቀድምና ትንሹ ቆጣቢ ኋላ ይቀራል። ቆጣቢዎቹ ተደራጅተው በቤልፋስትም በለንደንም ፖለቲከኞችን እየወተወቱ ቆዩ፤ በ2011 የ175 ሚሊዮን ፓውንድ የመንግሥት ብድርና ትንንሽ ቆጣቢዎችን የሚያግዝ የ50 ሚሊዮን ፈንድ ተገኘ፣ ቤተ ክርስቲያኗም 1 ሚሊዮን ጨመረች። ብድሩ ያስቻለው ንብረቱ በርካሽ ተጣድፎ እንዳይሸጥ ነው። እዚህ እንዲህ ያለ ብድር ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ። ደብተራችሁ ላይ «ዕጣ» ተብሎ የተመዘገበውንና «ቁጠባ» የተባለውን ግን ዛሬውኑ ለዩ፤ አንዳንድ ማህበር ገንዘብ ሲያጥረው ቁጠባን «ወደ ዕጣ እናዙርላችሁ፣ የትርፍ ድርሻው ይሻላል» ይላል። ያን ቅጽ የፈረመ ሰው ከሰልፉ ጫፍ ተነስቶ ጅራቱ ላይ ቆመ።

ሽምግልና፣ ፍርድ ቤት፣ ፖሊስ

የኅብረት ሥራ ሕጉ በአባልና በማህበር መካከል ለሚነሳ ክርክር ዕርቅንና ግልግል ዳኝነትን ያስቀድማል። ቀድሞ ሳይሞከር የቀረበ ክስ መቃወሚያ ሊነሳበት ይችላል፤ ስለዚህ ሽማግሌ እንዲሰየም የጠየቃችሁበትን ደብዳቤ ያዙ። ለአንድ ሰው ጉዳይ ጥሩ ነው። ለ1,000 ሰው ጉድለት ግን አይሆንም፤ የሌለ ገንዘብ በሽምግልና አይከፈልም።

የፍትሐ ብሔር ክስ በማህበሩ ላይ የሚያመጣው ፍርድ ነው፤ ፍርዱም የሚፈጸመው ከዚያው ባዶ ባንክ ሂሳብ ነው። አንድ ቆጣቢ ቀድሞ አስፈርዶ የማህበሩን መኪና ቢያሸጥ ሌላውን ጎዳ እንጂ ማህበሩን አላዳነም። ክስ ዋጋ የሚኖረው ማህበሩ ራሱ፣ በአዲስ አመራር፣ ተበዳሪዎችንና ዋሶችን ሲከስ ነው። ለውል ጥያቄ የይርጋው ዘመን በመርህ 10 ዓመት ስለሆነ (ቁጥር 1845) የቆየ ብድርም አይጣል።

ፖሊስ ጋ የሚኬደው የደረሰኙ ሥራ ካለቀ በኋላ ነው። እምነት ማጉደል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 675፣ ማታለል በ692 ያስጠይቃል። ከአባላት የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድር አካል በሙስና ወንጀሎች አዋጅ 881/2007 «ሕዝባዊ ድርጅት» ከሚለው ትርጉም ሊገባ ይችላል፤ አዋጁ ከዚህ ካወጣቸው መካከል ዕድርና መሰሎቹ ይገኛሉ። «ገንዘባችን ተበላ» የሚል ማመልከቻ ይቀመጣል፤ «በእነዚህ 38 ደረሰኞች የተከፈለው ይህን ያህል ብር ካርድ ላይ አልተመዘገበም» የሚል ይመረመራል። አንድ ጉዳት አለው፤ ሰነዶቹ ለኤግዚቢት ከተወሰዱ ብድር ማስመለሱ ይቆማል። ስለዚህ የብድር ውሎችና ካርዶች ሙሉ ቅጂ ከመወሰዳቸው በፊት ይነሳ።

ክፍያው ሲጀመር

ከብድር በወር 300,000 ብር መግባት ከጀመረ ለ20 ሚሊዮኑ ቁጠባ 1.5 በመቶ ነው። 20,000 ያለው 300 ብር፣ 2,000 ያለው 30 ብር ይደርሰዋል። ለ30 ብር መቶ ሰው ማሰለፍ ትርጉም የለውም፤ በየወሩ ሳይሆን በየሩብ ዓመቱ መክፈል፣ ወይም ከ3,000 ብር በታች ያላቸውን በአንድ ጊዜ ጨርሶ መዝገቡን ማሳነስ ይሻላል። ሁለተኛውን ከመረጣችሁ ሙሉ በሙሉ ሳይሆን በተሰላው 74.50 ይከፈላቸው፣ የተረፈውም ብድር ሲመለስ እንደሚከፈል ይጻፍላቸው። ክፍያው በባንክ ዝውውር ብቻ ይሁን። የእያንዳንዱ ክፍያ ዝርዝር በአባልነት ቁጥር፣ ያለ ስም፣ ማህበሩ ቢሮ በር ላይ ይለጠፍ፤ ቁጥሩን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው፣ ተራው የተዘለለበትም በዚያው ቀን ይናገራል።